ኤምኤምኦ መቼ ነው የተበላሸው? የባሕር ዳር ልጆች ክርክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በአንድ ጉዳይ የሚከራከሩበትን ገጽ፣ የከፈተው የቀበሌ 14 ልጅ ነው። ጽሑፉ አጭር ነው፤ አባባሉ ግን ደፋር። ኤምኤምኦ፣ ማለትም ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ዓለም ውስጥ ገብቶ የራሱን ገጸ ባሕርይ እያሳደገ የሚጫወትበት የኦንላይን ጌም፣ በ2004 በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተወለደ፤ በዲሴምበር 2009 ሞተ ይላል። የሞተበትን ምክንያትም ጽፏል። በዚያ ወር ጌሙ ላይ አንድ አዲስ ነገር ተጨመረ። አንድ ቦታ ስትጫን ሲስተሙ ራሱ ከሌሎች ሰርቨሮች ጭምር አራት ሰው ፈልጎ ያመጣልሃል፤ ጭራቅ የምትወጉበት ዋሻ ውስጥ ያስገባችኋል፤ ስትጨርሱ ትበተናላችሁ። ስም መጠያየቅ የለም፣ ሰላምታ የለም። ከዚያ በፊት ግን ከተማ መሃል ቆመህ ሰው ትለምን ነበር። ቁስል የሚያክም ሂለር፣ ምት የሚቀበል ታንክ ታፈላልጋለህ። ስታገኝ ደግሞ አብራችሁ ረጅም መንገድ ትጓዛላችሁ። ልጁ የጠየቀው በዚያ ዘመን የነበሩትን ነው። እውነት እንዲህ ነበር ወይ? እሱ የደረሰበት ጌም ለምን ይህን ያህል ብቸኝነት በዛበት?

ይህን ክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነው። የተባለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 የጨዋ መልስ ነው። የጻፈው ልጅ አሁን አዲስ አበባ ይሠራል፤ ያደገው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። በልጁ ሐሳብ ይስማማል። ኢንተርኔት ካፌ በሰዓት እየከፈለ ሲጫወት ሂለር ፍለጋ የሚያጠፋው ጊዜ ገንዘብ ነበር። ቢሆንም ዛሬ የሚያስታውሰው ጭራቁን ሳይሆን ያንን ጥበቃ ነው። ያን ጊዜ የተዋወቀው አንድ የግብፅ ልጅ እስካሁን ለበዓል መልካም ምኞት ይልክለታል።

መልስ 2 እርማት ይዞ መጣ። የጻፉት ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ፣ ተምረው እዚያው ያስተማሩ። ልጁን ሳያሳፍሩ፣ ወንድሜ እያሉ ነው ያረሙት። የዚህ ጨዋታ ሥር 2004 አይደለም፤ 1978 ነው አሉ። ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ። ሮይ ትሩብሾ የሚባል ተማሪ ጀመረው፤ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አሳደገው። ስሙ መድ ነበር። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ስክሪኑ ላይ ያለህበት ቦታ በጽሑፍ ይገለጽልሃል፤ አንተም ወደ ሰሜን ሂድ፣ ሰይፉን አንሳ እያልክ ትጽፋለህ። ሌላ ተጫዋች አንተ ያለህበት ክፍል ሲገባ፣ እገሌ መጣ የሚል አንድ መስመር ይመጣል። ጋሼ ያችን መስመር ነው የሁሉ ነገር መነሻ ያሏት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ግራፊክሱም፣ ከተማውም፣ ዘንዶውም፣ በእሷ ላይ የተጨመረ ነው። እዚህ ላይ ከልቤ እስማማለሁ።

በዚያው መልሳቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት መድቧቸዋል። ደረጃና ሀብት የሚያሳድድ አለ። ዓለሙን ማሰስ የሚወድ አለ። ለወሬና ለወዳጅነት የሚገባ አለ። ሌላውን ማጥቃት ደስ የሚለው አለ። ይህን ካነበቡ በኋላ ከመልስ 3 እስከ መልስ 6 ያሉት ራሳቸውን ሲመድቡ ቆዩ። እኔ የታዘብኩት፣ አጥቂ ነኝ ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አለመኖሩን ነው። ጌም ውስጥ ግን አጥቂ ሞልቷል።

መልስ 7 ረጅም ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ። የጻፈችው እህታችን ባሕር ዳር አድጋ በነፃ ትምህርት ዕድል ደቡብ ኮሪያ የተማረች ናት። ወሬው ሁሉ ስለ አሜሪካና እንግሊዝ መሆኑ አልተዋጠላትም። አሜሪካኖቹ በ1996 ሜሪዲያን 59ን ሲያወጡ፣ ኮሪያ ውስጥ ኔክሰን የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት የነፋሳት መንግሥት የሚባለውን ጌም አውጥቷል። ይሄ ጌም ዛሬም ይሠራል። እሱን ከሠሩት አንዱ ጄክ ሶንግ ደግሞ በ1998 ሊኒጅን ይዞ መጣ። ሊኒጅ ውስጥ ዋናው ነገር ቤተ መንግሥት ከብቦ መያዝ ነው። የያዘው ቡድን ከሌላው ተጫዋች ግብይት ግብር ይሰበስባል። ስለዚህ ሰው ያስፈልግሃል፤ ብዙ ሰው፣ የምታምነው ሰው።

ከዚያ ምክንያቱን አስረዳች። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን ሲመታ ብዙ ሰው ከሥራው ተባረረ። ከተባረሩት ውስጥ በእጃቸው ባለው ገንዘብ ኮምፒዩተር ደርድረው ፒሲ ባንግ የከፈቱ ነበሩ፤ በሰዓት የሚከፈልበት የጌም ቤት ማለት ነው። ወጣቱ እዚያ ተሰብስቦ ይጫወታል። አብሮህ ቤተ መንግሥት የሚከብበው ሰው ጎንህ ባለው ወንበር ተቀምጧል። ስትሸነፍ ፊቱን ታየዋለህ። አሜሪካ ያለው ተጫዋች ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጫወት፣ ኮሪያ ያለው ከሰፈር ልጅ ጋር ይጫወት ነበር። የባሕር ዳር የጌም ቤቶች፣ ልጆች ተደራርበው አንድ ስክሪን የሚያዩባቸው፣ ከኮሪያው ጋር ነው የሚመሳሰሉት ብላለች። እኔም ይህን ሳነብ የክሩ ከፋች ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘ አልኩ። ብቸኝነቱ ከጌሙ ብቻ አይመጣም፤ ከምትጫወትበት ክፍልም ይመጣል።

መልስ 8 ግን አበሳጨኝ። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ገልብጣ እንዳመጣችው ጠየቃት፤ ራሷ መጫወቷንም ተጠራጠረ። መልስ 9 የእሷ ነው። ጠንከር አለች። በቡድኗ ውስጥ ግምጃ ቤቱን የምትይዘው እሷ እንደነበረች፣ ከግብሩ ለማን ስንት እንደሚደርስ የምታከፋፍለውም እሷ እንደነበረች፣ በዚህ የተነሳ ከመሪው ጋር ተጣልታ ሌላ ቡድን እስከ መግባት እንደደረሰች ጻፈች። የሚያውቀው ካለ እንዲጽፍ፣ ከሌለው ቁጭ ብሎ እንዲያነብ መከረችው። ልጁ ተመልሶ አልጻፈም።

መልስ 10 ወደ አልቲማ ኦንላይን ወሰደን። ጌሙ በሴፕቴምበር 1997 ወጣ። መሪው ሪቻርድ ጋሪዮት ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጌም ዛሬ የምንጠቀምበትን ረጅም ስያሜ ያወጣውም እሱ ነው ይባላል። 100,000 ከፋይ ተጫዋች በማግኘትም አልቲማ የመጀመሪያው ነው። ገና በሙከራ ላይ ሳለ ጋሪዮት በንጉሥ ገጸ ባሕርዩ ሕዝብ ፊት ሲቀርብ አንድ ተጫዋች በእሳት አስማት ገደለው። ንጉሡ እንዳይሞት ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ያ ጥበቃ አልበራም።

የመልስ 10 ዋና ነገር ግን ንጉሡ አይደለም፤ እንስሳቱ ናቸው። የአልቲማ ሠሪዎች፣ ራፍ ኮስተርን ጨምሮ፣ ዓለሙን ራሱን የሚያስተዳድር ሊያደርጉት አስበው ነበር። ሣር በል እንስሳ ሣር ይበላል፤ ሥጋ በሉ እሱን ያድናል። የሚታደነው ሲያልቅ አዳኙ ወደ ሰው ይጠጋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ጌሙ ሲከፈት ግን ተጫዋቹ እንደ ጎርፍ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ገደለ። እንስሳት ለመራባት ጊዜ አላገኙም። ሠሪዎቹ የደከሙበት ሥርዓት ማንም ሳያየው ጠፋ፤ በመጨረሻም አወጡት።

መልስ 11 የመጣው ከዓሣ ነጋዴ ልጅ ነው። ጌም ተጫውቶ አያውቅም፤ ስለ እንስሳቱ ሲያነብ ግን ዝም ማለት አልቻለም። ጣና ውስጥ ሌላ የትም ዓለም የማይገኙ ከ10 በላይ የባርባስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁ ይህን ያውቃል። መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ያን ጊዜ የሚያዘው እንቁላል የያዘ ዓሣ ነው። በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ የባርባስ ቁጥር ክፉኛ ወርዷል። አባቱ ድሮ የሚሸጠውና ዛሬ የሚሸጠው አይገናኝም ይላል። ቆሮሶና አምባዛ ቢኖሩም ባርባሱ እየሳሳ ነው። ታዲያ አልቲማ ውስጥ ሠሪዎቹ ሥርዓቱን ማውጣት ችለዋል፤ ጣና ላይ ግን ማን ያወጣል ብሎ ጠየቀ። ሰውም ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣ።

ከዚያ በኋላ ክሩ ከመስመር ወጣ። ከመልስ 12 እስከ 14 ወሬው እምቦጭ ሆነ። በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የባሕር ዳር ሰው በሁለት ተከፍሎ ሲከራከርበት የኖረ ጉዳይ ነው። አንዱ በዘመቻ በእጅ መንቀል ይበቃል አለ። ሌላው ከማሳ ታጥቦ ከወንዞቹ ጋር የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ካልቀነሰ ማሽንም አይበቃም አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። መልስ 15 ላይ የመድረኩ ተቆጣጣሪ ስድቡን አጥፍቶ ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሳቸው። እምቦጭ የራሱ ክር ይገባዋል፤ እዚህ ግን ቦታው አልነበረም።

መልስ 16 ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች የተጻፈ ያህል ነው። ጸሐፊው ፔዳ አካባቢ ኢንተርኔት ካፌ ይሠራ ነበር። ለምን እኛ አገር ብዙ ሰው ሌላውን ሁሉ ዘሎ ሩንስኬፕን አወቀ የሚለውን አስረዳ። የካፌ ኮምፒዩተር ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። የጫንከው ነገር ሁሉ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይሰረዛል። ትልቅ ጌም ማውረድ አይታሰብም፤ ኔቱም አይችለውም። ሩንስኬፕ ግን በጃንዋሪ 2001 እንግሊዝ ውስጥ በጋወር ወንድማማቾች ሲወጣ በጃቫ የተሠራ ነበር፤ ብራውዘር ከፍተህ ትገባ ነበር። ነፃ ክፍልም ነበረው። ደግሞም ጌሙ እንቅስቃሴን የሚቆጥረው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። መልእክትህ አውሮፓ ደርሶ እስኪመለስ የሚባክነው ጊዜ ብዙ አይጎዳህም። ሌላ ጌም ላይ ላግ፣ ማለትም ይህ መዘግየት፣ የሚገድልህ ሰው፣ እዚህ ከለንደን ልጅ እኩል ትቆማለህ።

ቀጥሎ የክፍያውን ነገር አነሳ። ዋርክራፍት በወር ወደ 15 ዶላር ያስከፍል ነበር። ብሩን ብታገኘው እንኳ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የት አለ? ውጭ ዘመድ ያለው ዘመዱን ያስቸግራል፤ የሌለው ይቀራል። በ2013 ሩንስኬፕ ቦንድ የሚባል ነገር አመጣ። ገንዘብ ያለው ሰው በዶላር ይገዛዋል፤ ጌም ውስጥ ላለ ሰው በጌሙ ወርቅ ይሸጠዋል። የገዛው ሰው የ14 ቀን አባልነት ያገኛል። እናም የፔዳ ልጆች ነፃው ክፍል ውስጥ ካራምጃ የምትባል ደሴት ላይ ሎብስተር የሚባል የባሕር እንስሳ እያጠመዱ፣ ሸጠው ቦንድ ይገዙ ነበር። አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ ከፋይ ሆኑ። በ2015 ዋርክራፍትም ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። እኔ በበኩሌ በዚህ ጌም ታሪክ ውስጥ ለእኛ ዓይነት አገር በር የከፈተ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ይህን ነው የምጠራው። ስለ ግራፊክስ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ግን ብዙም አልተጻፈም።

መልስ 17 ቁጣ ነው። አንድ አባት ጻፉ። ልጃቸው በዚህ ነገር የተነሳ ፈተና መውደቁን፣ አገር በችግር ላይ ሳለች ትልልቅ ሰዎች ስለማይኖር ሎብስተር መጨነቃቸው እንደሚያሳፍራቸው ገለጹ። መልስ 18 ላይ አንድ ወጣት ክብር በጎደለው መንገድ መለሰላቸው። አልወደድኩትም። የአባቱ ሐዘን እውነተኛ ነበር። የፖሊው ጋሼ በመልስ 19 ገብተው አበረዱት። አባትየውን አንቱ እያሉ፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቀውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ጨዋታው ሰዓት ካልተበጀለት እንደሚጎዳ አምነዋል፤ በተለይ ደረጃው ማለቂያ የሌለው እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ። ግን ልጁ እዚያ ውስጥ መሪ ሊሆን፣ ገንዘብ ያዥ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሳያውቁ መቆጣት ከልጁ ጋር ያለያያል አሉ። አባትየው አመስግነው ወጡ።

መልስ 20 የኔ ነው። የክሩ ከፋች 2009ን መርጧል፤ እኔ ግን ስብራቱ ቀደም ያለ ነው እላለሁ። ከዋርክራፍት በፊት የነገሠው ኤቨርክዌስት ነበር፤ ማርች 1999 ወጣ። እዚያ ብቻህን ብዙ ርቀህ አትሄድም። ስትሞት የለፋህበት ልምድ ይቀነሳል፤ ዕቃህም ሬሳህ ላይ ይቀራል። ራቁትህን ተመልሰህ፣ ሰው ለምነህ፣ ሬሳህን ታወጣለህ። ጨካኝ ነው። ሰው ግን በዚያ ጭካኔ ተሳሰረ፤ ያን ዓለም ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር በ2001 የዚያን ዓለም ገቢ በነፍስ ወከፍ ሲያሰላ በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል አገኘው። ሰው ዕቃውን በእውነተኛ ዶላር ይሸጥ ስለነበር ነው የተሰላው።

ዋርክራፍት በኖቬምበር 2004 ሲመጣ ያንን ሁሉ አለሰለሰው። ሞትህ ቀላል ሆነ። ሥራ የሚሰጥህ ሰው አናቱ ላይ ቢጫ ምልክት አለው፤ ያንን እየተከተልክ ማንንም ሳትጠይቅ እስከ ከፍተኛው ደረጃ ትደርሳለህ። ሰውም ወደደው፤ በ2010 የከፋዩ ቁጥር 12 ሚሊዮን ደረሰ። የ2009ኙ ፈላጊ ሲስተም የዚሁ መንገድ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ሌላውን ሳትፈልግ መኖር የተቻለው ከመጀመሪያው ቀን ነው።

ግን አንድ ነገር መባል አለበት፤ መልሴም ላይ ጽፌዋለሁ። ብቻ መጫወት መቻሉ ለእኛ ምሕረት ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ውጊያ መሃል መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ሂለር ከሆንክ አራት ሰው አንተን ሲጠብቅ ይሞታል። ተመልሰህ ብትገባ ስምህ ጠፍቷል፤ ሁለተኛ የሚወስድህ የለም። ኤቨርክዌስት ዓይነት ጌም ሰው ለሰው እንዲያስፈልግ አደረገ፤ የሚያስፈልገው ሰው ግን መብራቱና መስመሩ የማይቋረጥበት ሰው ነበር። ስለዚህ ድሮው ጥሩ ነበር ስንል ለማን የሚለውን አብረን እንጠይቅ። ሰው የሚያስተሳስር፣ ግን መብራት የጠፋበትን የማይጥል ጌም መሥራት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ሠሪዎቹ እኛን አስበው ስለማያውቁ ነው እንጂ።

መልስ 21 ተቃወመኝ፤ በጨዋ ቋንቋ። ያ መተሳሰብ አልሞተም፤ ኢቭ ኦንላይን አለ አለ። የአይስላንዱ ሲሲፒ በሜይ 2003 ያወጣው የጠፈር ጌም ነው። ተጫዋቹን በየሰርቨሩ ከመክፈል ይልቅ በአንድ ዓለም ያኖራል። በጃንዋሪ 2014 አንድ ትልቅ ኅብረት ለያዘው የጠፈር ክልል በጌሙ ገንዘብ መክፈል የነበረበት ክፍያ ሳይፈጸም ቀረ። ክልሉ ባለቤት አጣ፤ ጠላት ገባ። ውጊያው 20 ሰዓት ያህል ቆየ። ከ7,000 በላይ ሰው ተሳተፈበት። ከመርከቦች ሁሉ ትልልቆቹ፣ ታይታን የሚባሉት፣ 75 ወደሙ። አንዷን ለመሥራት ብዙ ሰው ለሳምንታት ይለፋል።

መልስ 22 እና 23 በጥፋቱ ዋጋ ተጣሉ። አንዱ ከ300,000 ዶላር በላይ ወደመ የሚለውን ይዞ ተከራከረ። ሌላው ማንም ያን ያህል ዶላር ከኪሱ አላወጣም፤ አብዛኛው የሰው ድካም ነው፣ ስሌቱ በምንዛሪ የተገኘ ነው አለ። ሁለተኛው ልክ ነው። እንዴት እንደተነጋገሩ ግን አልጽፈውም።

ስለ ደም ወረርሽኙ አንድ ሰው ሳያነሳ እንዴት ይቀራል እያልኩ ስጠብቅ መልስ 24 አመጣው። በሴፕቴምበር 2005 ዋርክራፍት ውስጥ አንድ የጭራቆች አለቃ የሚለቀው ተላላፊ እርግማን ከዋሻው ሾልኮ ወጣ። ያወጡት አዳኝ ሆነው የሚጫወቱ ሰዎች የቤት እንስሳት ናቸው። ከተሞች በሬሳ ተሞሉ። ኩባንያው የታመመውን ለይቶ ሊያስቀምጥ ሞከረ፤ ሰው አመለጠ። አንዳንዱ ሊያክም ወደ ከተማው ሮጠ፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ አዛመተ። በ2007 ላንሴት ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ተመራማሪዎች ስለዚህ ጽፈዋል። መልሱን የሰጠችው የጤና ባለሙያ ናት። የኮቪድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ያየችው ባሕርይ አንድ በአንድ ያው ነበር አለች።

መልስ 25 አጭር ነው፤ አንብቤ ግን ቆየሁ። በኦገስት 2023 ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንድ ልጅ ከጊልዱ፣ ማለትም አብሮ ከሚጫወተው ቡድን፣ ጋር ተለያየ። ደህና ሰንብቱ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት መስመር ሲመለስ ገባ። ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም ነበር። ብዙ መልእክት ጠበቀው። የላኩለት ሰዎች የኢትዮጵያን ዜና እየተከታተሉ በየጊዜው ይጽፉለት ነበር። የሚጽፉለት ሰዎች እውነተኛ ስሙን አያውቁትም። ከአባትየው መልስ ጋር ይህን አጠገብ ለአጠገብ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

መልስ 26 ላይ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ጋሼ ስለ መድ ከጻፉት ተነስቶ በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ትንሽ ዓለም ሠርቷል፤ ቦታው ጣና። ከባሕር ዳር ዳርቻ ትነሳለህ። በታንኳ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ እስከ ጎርጎራ ትቀዝፋለህ። ባዶ ታንኳ አንድ ሰው ይበቃዋል። ቡናና እንጨት የጫነች ታንኳ ግን ሁለት ሰው ካልቀዘፈ አትንቀሳቀስም። ማዕበል ሲነሳ ደግሞ መስመር የተቋረጠበት ተጫዋች አይሞትም፤ ታንኳው ላይ ተኝቷል ተብሎ ሌላው ይቀዝፋል። ከኔ መልስ እንዳገኘው ጽፏል። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

መልስ 27 የእህታችን ነው፣ የኮሪያዋ። ክብራን ገብርኤል ስደርስ ጌሙ ይመልሰኛል ወይ አለች። ያ ገዳም ሴት እንደማይገባበት ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰው ሃይማኖትን በጌም አትቀላቅሉ ብሎ ተቆጣ። ምሩቁ ግን በትሕትና መለሰ። ሴት ገጸ ባሕርይ ክብራን ላይ አትወርድም፤ አጠገቧ ያለችው እንጦስ ላይ ግን ትወርዳለች። እውነተኛውን ሐይቅ ከቀየርኩት የእኛ ጣና አይሆንም አለ። እሷም ተቀበለች፤ ግን እንጦስ ላይ ወንድ የማያገኘው ሥራ እንዲጨምር ጠየቀች። እሺ አላት።

መልስ 28 ላይ የክሩ ከፋች ተመለሰ። 1978ን ተቀብሏል፤ ከ2009 ግን ንቅንቅ አላለም። ጥያቄው ሌላ ሆኗል፤ አሁን አብረን ምን እንጫወት? ኮምፒዩተር የሌለው ይበዛልና በስልክ የሚሠራ መሆን አለበት። ሁለት ስም ተነሳ። አንዱ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ነው። በ2013 ድሮው ይመለስልን ባሉ ተጫዋቾች ድምፅ የተከፈተ ነው፤ በ2018 ወደ ስልክ መጣ። ሌላው የጀርመኑ አልቢዮን ኦንላይን ነው። በ2017 ወጣ፤ በ2021 በስልክ ሆነ። ዕቃው ሁሉ በተጫዋች የሚሠራ ስለሆነ አንጥረኛም፣ ነጋዴም፣ ወታደርም ያስፈልጋል። በ2024 ደግሞ የአውሮፓ ሰርቨር ስለከፈተ ለእኛ ይቀርባል።

ሲከራከሩ ቆይተው በመልስ 33 አልቢዮን አሸነፈ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት። መብራት የጠፋበት ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታው እንደሚጠበቅለት የመጀመሪያው ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ግምጃ ቤቱን እህታችን ትይዛለች። ጋሼ ስልካቸው አሮጌ መሆኑን ተናግረው ለማየት ብቻ እገባለሁ ቢሉም ወታደር ተደርገዋል። የጊልዱ ስም ላይ ስላልተስማሙ ተቆጣጣሪው ለእሱ ብቻ ሌላ ክር ከፍቷል።